የአሮጊት ባዝራዬ ሰኮና እየተፈረፈረ ነው፤ ባዮቲን ይረዳታል?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። 23 ዓመት የሞላት ባዝራ አለችኝ። የፊት ሰኮናዎቿ ጠርዛቸው እየተፈረፈረ ነው፣ ምስማር የገባበት ሁሉ ይሰነጠቃል፣ ጫማዋም ቶሎ ቶሎ ይላቀቃል። የምትበላው ድርቆሽና ፉርሽካ ነው። ገሚሱ ሰው ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ስጪያት ይለኛል፣ ገሚሱ ደግሞ ገንዘብሽን አታባክኚ። በዚህ ዕድሜዋ ለውጥ ያመጣል? መጠኑስ ስንት ነው? ከእንግዲህ አልጋልባትም፣ ሳያማት ቆማ እንድትሄድልኝ ብቻ ነው የምፈልገው።

መልስ 1፦
ይረዳል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ነው የሚሰጠው። የተሰነጠቀውን አይጠግንም። ሰኮና ከላይ ወደ ታች በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ ያረጀ ፈረስ ላይ ደግሞ ሊዘገይ ስለሚችል፣ አዲሱ ሰኮና እስከ ታች ጫፉ እስኪደርስ ዓመት ገደማ ጠብቂ። እስከዚያው ከጸጉሩ ሥር ያለውን ቦታ እዪ፤ አዲሱ ለስላሳና ወጥ ሆኖ ከወረደ እየሠራ ነው።

ባዮቲን ብቻውን ግን አይበቃም። ዚንክ፣ መዳብና ሜቲዮኒን (የፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲድ) ያለበት ማሟያ ፈልጊ፣ ድርቆሽ ብዙ ጊዜ ዚንክና መዳብ ያንሰዋል። ፉርሽካውንም ቀንሺው፤ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። በሱ ፈንታ ትንሽ አልፋልፋ ፕሮቲንም ካልሲየምም ይሰጣታል።

መልስ 2፦
እህቴ፣ የባዮቲኑን ቆርቆሮ ከመግዛትሽ በፊት አፏን አስመርምሪ። ያረጀ ፈረስ ጥርሱ ካለቀ የፈለግሽውን ብትሰጪው አላምጦ አይጠቀምበትም። ድርቆሹን አኝካ ጠቅልላ ትተፋለች? ፋንድያዋ ውስጥ ረጃጅም ገለባ አለ? እንግዲያው በውኃ የራሰ ለስላሳ መኖ ያስፈልጋታል።

ሌላው የኩሺንግ በሽታ፣ ማለትም የሆርሞን መዛባት ነው፤ በዚህ ዕድሜ በጣም የተለመደ ነው። ጸጉሯ ረዝሞ በወቅቱ ካልረገፈ፣ የጀርባዋ ሥጋ ከቀነሰ፣ ብዙ ውኃ የምትጠጣ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም በደም ምርመራ ያየዋል። መድኃኒት አለው። ካልታከመ ወደ ላሚናይቲስ (የሰኮና ውስጥ ብግነት) ሊያመራ ይችላል፣ ያኔ ባዮቲን ምንም አያደርግላትም። ሰኮናዋ ላይ ያሉት ቀለበቶች ከፊት ጠበው ወደ ተረከዙ የሚሰፉ ከሆነ፣ ወይም ሰኮናዋ ሞቆ ክብደቷን ወደ ኋላ ጥላ ከቆመች፣ እባክሽ በዚያኑ ቀን ሐኪም ጥሪ። ሞላሰስ የበዛበት ማሟያም ይቅርባት።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁለት ሦስት ማሟያ ደራርበሽ አትስጪያት። ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን በብዙዎቹ ውስጥ አለ፣ ሲበዛ ደግሞ መርዝ ነው። የጋማና የጅራት ጸጉር ያረግፋል፣ ሰኮናውንም ከላይ ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል። ሰው ይህን አይቶ "ባዮቲን አነሳት" ብሎ ሌላ ይጨምርላታል። የሁሉንም ጀርባ አንብበሽ ሴሊኒየሙን ደምሪው።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። የተጠቀለለ ድርቆሽ ገንዳዋ ሥር አያለሁ፣ ከጥርሷ ጋር አላያያዝኩትም ነበር። ጫማውን ግን አሁኑኑ ላውልቀው?

መልስ 1፦
የማትጋለብና መሬቱ ድንጋያማ ካልሆነ ብታወልቂው ጥሩ ነው፣ ምስማር ባይገባበት የሰኮናዋ ግድግዳ (ውጫዊው ጠንካራ ክፍል) ያርፋል። ግን ስታነክስ ካየሽ መልሺላት። ክርከማው ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አይለፈው። ጫፉ ከረዘመ በየእርምጃዋ ስንጥቁን እየከፈተው ይሄዳል።