ኢንዲዛይን፦ አላይን ፓነል «መሀል ነው» ይላል፣ ርዕሱ ግን ለዓይን ከፍ ብሏል (የሰርተፊኬት ሌይአውት)

ሀኒ_ሌይአውት

ሰላም ለሁላችሁ። ኤ4 አግድም (297 በ210 ሚሊሜትር) ሰርተፊኬት በኢንዲዛይን (የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው፤ ሦስት ነገር አልስተካከል ብሎኛል።

«የምስጋና ምስክር ወረቀት» የሚለው ርዕስ 24 ሚሊሜትር ቁመት ባለው ሰማያዊ ሳጥን ላይ ነው ያለው። ሁለቱን መርጬ ነገሮችን በሚያሰልፈው በአላይን ፓነል መሀል ለመሀል አድርጌያቸዋለሁ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ፊደሎቹ ግን ወደ ላይ ተጠግተው ይታያሉ። ከታች ያሉት ሦስት የፊርማ ቦታዎችም ዲስትሪቢዩት አድርጌያቸው (በእኩል ርቀት አሰራጭቻቸው) ክፍተታቸው እኩል አልሆነም። ስሞቹ ደግሞ ከኤክሴል በዳታ መርጅ (ዝርዝሩን ራሱ እያነበበ በየሰርተፊኬቱ በሚያስገባው) ይገባሉ፤ አንዳንዱ ስም ልክ መሀል ላይ ሲያርፍ አንዳንዱ ትንሽ ወደ ቀኝ ይሸሻል። 180 ሰርተፊኬት ስለሆነ አንድ በአንድ በእጅ ማስተካከል አይታሰብም።

ባለፍሬም

እህቴ፣ አላይን ፓነል የሚያውቀው ፍሬሙን (ጽሑፉ የሚገባበትን አራት ማዕዘን) እንጂ ፊደሉን አይደለም። የፍሬሙን መሀል ከሳጥኑ መሀል ጋር አገጣጥሞልሻል፤ ፊደሉ ፍሬሙ ውስጥ የት ተቀምጧል የሚለውን ግን አይነካም።

መጀመሪያ ኮንትሮል+ቢ ተጫኚና በቴክስት ፍሬም ኦፕሽንስ ውስጥ ቨርቲካል ጀስቲፊኬሽኑ (የጽሑፉ ከላይ ወደ ታች አቀማመጥ) ሴንተር መሆኑን እዪ። ከዚያ ኮንትሮል+አልት+አይ ብለሽ ድብቅ ምልክቶችን አውጪ። ከርዕሱ በኋላ ባዶ ኢንተር ካለ አጥፊው፤ ባዶዋ መስመር ከቁመቱ ስለምትቆጠር ርዕሱን ወደ ላይ ትገፋዋለች።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ከፍ ካለ ምክንያቱ ፎንቱ ነው። ፈርስት ቤዝላይን ኦፍሴት (የመጀመሪያው መስመር ከፍሬሙ አናት ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው) ካልተነካ አሴንት ላይ ነው የሚሆነው፤ አሴንት ደግሞ የሚለካው በላቲኑ ትንሹ «ዲ» ቁመት ነው። ካፕ ሃይት ብታደርጊውም መለኪያው የላቲን ካፒታል ነው። ከመስመሩ በታችም ለላቲኖቹ «ጂ» እና «ፒ» ጭራ የተተወ ቦታ አለ፤ የእኛ ፊደል አብዛኛው መስመሩ ላይ ስለሚቆም ያ ቦታ ባዶውን ይቀራል። የኖቶን ፎንት በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ስትቀይሪ ልዩነቱም አብሮ የሚለዋወጠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በግምት አትጎትቺው፣ ለኪው። የጽሑፍ ፍሬሙን ምረጪና አልትን ይዘሽ ከታይፕ ሜኑ ክሬት አውትላይንስ በዪ። አልት ሲያዝ ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ ወደ ቅርጽ የተለወጠ ቅጂ እላዩ ላይ ይቀመጣል። ከኮንትሮል ፓነል በስተግራ ካሉት ዘጠኝ ነጥቦች የመሀሏን ምረጪና የቅጂውን ዋይ (ከገጹ አናት ያለውን ርቀት) አንብቢ። ለምሳሌ የሳጥኑ መሀል 42 ሚሊሜትር ሆኖ የቅጂው 41.2 ከሆነ ፊደሉ 0.8 ከፍ ብሏል ማለት ነው። ቅጂውን ሰርዢ፣ የጽሑፍ ፍሬሙን መርጠሽ ዋይ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ቁጥር ቀጥሎ +0.8 ጻፊና ኢንተር በዪ። ከዚያ ከሳጥኑ ጋር ግሩፕ አድርጊው።

ፊደል_ለኪ

ባለፍሬም ያለው ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ርዕሱ ውስጥ አናታቸው ላይ ሰረዝ ያለባቸው ፊደላት ካሉ፣ እነ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጀ፣ ዠ፣ የቅጂው ልኬት እስከ ሰረዙ ጫፍ ይደርሳል። «የሽልማት ምስክር ወረቀት» ብትዪ በ«ሽ» አንዲት ሰረዝ ምክንያት የልኬቱ መሀል ከፍ ይላል፤ በዚያ ቁጥር ካስተካከልሽ የቀሩት ፊደላት ሁሉ ዝቅ ብለው ይቀራሉ። ዓይን የሚያየው የብዙኃኑን ቁመት ነው። ፍሬሙን አባዢ፣ በዚያው ፎንትና መጠን «በለመ» ብለሽ ጻፊበት፣ አውትላይን አድርገሽ እሱን ለኪ። የምታገኚው ልዩነት ለዚያ ፎንት በዚያ መጠን ለማንኛውም ርዕስ ያገለግላል።

ሚሊሜትር

ስለ ፊርማዎቹ፦ ዲስትሪቢዩት ሆሪዞንታል ሴንተርስን ተጠቅመሽ ይሆናል። እሱ እኩል የሚያደርገው በመሀሎቻቸው መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ ፍሬሞቹ ስፋታቸው ከተለያየ ክፍተቱ አይመጣጠንም። የምትፈልጊው ከፓነሉ ግርጌ ያለውን ዲስትሪቢዩት ስፔሲንግ ነው፤ ካልታየሽ ከፓነሉ ሜኑ ሾው ኦፕሽንስ በዪ።

ከዚያ የሚሻለው ግን ፍሬሞቹን በስም ርዝመት ልክ አለመቁረጥ ነው። ሦስቱንም 60 ሚሊሜትር አድርጊና ጽሑፉን በፓራግራፍ ሴንተር አድርጊው። ማርጂንሽ በግራም በቀኝም 20 ከሆነ የሚቀረው 257 ነው፤ ከእሱ የሦስቱ ፍሬሞች ስፋት 180 ሲቀነስ 77፣ ለሁለት ሲካፈል እያንዳንዱ ክፍተት 38.5 ይሆናል። የግራ ጫፎቻቸው 20፣ 118.5 እና 217 ላይ ያርፋሉ፤ የመሀለኛው ፊርማ መሀል በትክክል 148.5፣ ማለትም የገጹ እምብርት ላይ ይወድቃል። አላይን ቱ የሚለውን ማርጂንስ አድርገሽ ብታሰራጪያቸውም ይኸው ቁጥር ይመጣል።

ስሞቹን በተመለከተ፣ የስሙ ፍሬም 200 ሚሊሜትር ስፋት፣ የመሀሉ ኤክስ (ከገጹ ግራ ጠርዝ ያለው ርቀት) 148.5፣ ፓራግራፉ ሴንተር፣ ኢንደንቶቹ (ከዳር ወደ ውስጥ መግቢያዎቹ) በሙሉ ዜሮ ይሁኑ። ወደ ቀኝ የሚሸሹት ኤክሴሉ ላይ ከስሙ በፊት ስፔስ ያለባቸው ናቸው፤ ስሙ የሚሸሸው በስፔሱ ስፋት ግማሽ ያህል ነው። በትሪም ፎርሙላ አጽጂያቸው። ከድረ ገጽ ወይም ከወርድ የተገለበጠ ስም ላይ የማይሰበረው ስፔስ (መስመር ሲያልቅ ቃላት እንዳይለያዩ የሚያደርግ ልዩ ስፔስ) ሊኖር ይችላል፤ ትሪም እሱን አያነሳም፣ በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ለብቻው መተካት አለበት። ፋይሉን ዩኒኮድ ቴክስት አድርገሽ አስቀምጪ፤ አለበለዚያ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጥ ይችላል።

ሀኒ_ሌይአውት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስሞቹና ፊርማዎቹ ተስተካክለዋል። ርዕሱ ላይ ግን አሁን ጽሑፉን ሰማያዊው ሳጥን ራሱ ውስጥ ስላስገባሁት ፍሬሙን ባንቀሳቅስ ሳጥኑም አብሮ ይሄዳል። ደግሞ ሲታተም የዳር ክፈፉ በግራ 10፣ በቀኝ 12 ሚሊሜትር ሆኖ ወጣ፤ ፋይሉ ላይ ሁለቱም 11 ናቸው።

ባለፍሬም

እንዲያ ከሆነ በቴክስት ፍሬም ኦፕሽንስ ውስጥ ኢንሴት ስፔሲንግን (ከፍሬሙ ጠርዝ እስከ ጽሑፉ ያለውን ክፍተት) ተጠቀሚ። አራቱን ቁጥሮች የምታያይዘውን ሰንሰለት ፍቺና የላይኛውን ብቻ 1.6 አድርጊ። 0.8 አይደለም፤ ጽሑፉ የሚያርፈው በቀረው ቦታ መሀል ስለሆነ ከላይ የጨመርሽው ግማሹ ብቻ ነው ወደ ታች የሚያወርደው።

የክፈፉ ጉዳይ የፋይል አይደለም፤ ምስሉ ወረቀቱ ላይ 1 ሚሊሜትር ወደ ግራ ተገፍቷል። መጀመሪያ ስኬሉ 100 መሆኑን አረጋግጪ፣ ፒዲኤፍ ከሆነ አክችዋል ሳይዝ። ከዚያ ሦስት ኮፒ አትሚና ሦስቱንም በማስመሪያ ለኪ። መዛባቱ ከኮፒ ኮፒ ከተለያየ የትሪው የወረቀት መያዣ ላልቷል፤ ወረቀቱን እስኪነካ አጥብቂው። ሦስቱም ላይ እኩል 1 ሚሊሜትር ከሆነ የዚያ ትሪ የምስል አቀማመጥ ማስተካከያ ማተሚያው ሜኑ ውስጥ አለ። ሌይአውቱን 1 ሚሊሜትር አትግፊው፤ ፋይሉ ሌላ ማተሚያ ላይ ሲሄድ በተቃራኒው ይዛባል።