የእርጥበት መለኪያችን መረሬ አፈር ላይ አስቸገረን

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎችና አንድ የግብርና መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ በአርዱይኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የአፈር እርጥበት መለኪያ እየሠራን ነው። ቀይ አፈር ላይ ጥሩ ነው፤ ናሙናውን በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት አድርቀን፣ መዝነን አመሳክረነዋል። ችግሩ መረሬው፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መለኪያውና አፈሩ መካከል አየር ይገባና ገና እርጥብ የሆነውን «ደረቅ» ይለናል። ገበሬው ይህን አምኖ ውሃ ቢለቅ ማሳው ላይ ይተኛበታል፤ በጣም የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። መምህራችን ጠለቅ ብሎ ይቀበር ይላሉ፣ እኔ ግን ስንጥቁ እዚያም የሚደርስ ይመስለኛል። መረሬ ላይ የሞከራችሁ ካላችሁ በምን ያህል ጥልቀት ቀበራችሁት? ክፍተቱንስ በምን ሞላችሁት? እባካችሁ፣ የመስኖ ሥራ ሳይጀመር ንገሩን።