የሆስፒታል ቻፕሊንነት፦ ወረቀቱ ከየት ይጀመራል? የሌሊቱ ጥሪስ?

ዲ/ን_ሜሪላንድ
ሰላም ለሁላችሁ። በዲቁና አገለግላለሁ፣ ከአገር ቤት የቲዎሎጂ ዲግሪ አለኝ። እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ በቻፕሊንነት፣ ማለትም የሕመምተኞችና የቤተሰቦቻቸው መንፈሳዊ አጽናኝ ሆኜ፣ መቀጠር እፈልጋለሁ። ወረቀቱ ከየት ይጀመራል? ሌሊት ተጠርቶ የሐበሻ ቤተሰብ ፊት ሲቆምስ ሥራው በተግባር ምንድን ነው? «መጸለይ ነው» የሚለውን መልስ በብዛት ሰምቻለሁ፤ ከዚያ አልፎ የሚያውቅ ቢመልስልኝ።

ፔጀር_ማታ
መነሻህ ሲፒኢ (Clinical Pastoral Education) የሚባለው፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ የመንፈሳዊ እንክብካቤ ሥልጠና ነው። አንድ ዩኒት ቢያንስ 400 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከ100 የማያንሰው ከአሠልጣኝና ከቡድን ጋር የምትማርበት ነው፣ የቀረው አልጋ ዳር ያልፋል። በሰመር ሙሉ ቀን ከገባህ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ያልቃል። ሥራ ላለው ሰው በሳምንት አንዴ እየተገናኙ ወራት የሚወስድም አለ። የመጀመሪያውን ዩኒት አብዛኛው ሰው ከኪሱ ይከፍላል፤ ሬዚደንሲ ካገኘህ ግን አንድ ዓመት እየተከፈለህ የቀሩትን ትጨርሳለህ። ለሙሉ ሰርተፊኬት አራት ዩኒት፣ በማስተርስ ደረጃ 72 ክሬዲት፣ ከሥልጠናው በኋላ 2,000 የሥራ ሰዓትና የቤተ ክርስቲያንህ የውክልና ደብዳቤ ይጠየቃል። ቃለ መጠይቅም አለ።

የኛ ሰው የሚሰናከለው ዲግሪው ላይና ደብዳቤው ላይ ነው። የአገር ቤቱ ዲግሪ እዚህ መመዘን አለበት፤ ባችለር ብቻ ከሆነ ማስተርሱ ይቀርሃል። ደብዳቤውም «መልካም አገልጋይ ነው» ካለ አይበቃም፤ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሥራ እንደላከችህ መናገር አለበት። ከሀገረ ስብከቱ ጋር ገና ሳትጀምር ተነጋገር።

ሥልጠናው ቨርባቲም ያስጽፍሃል። ከሕመምተኛው ጋር የተባባላችሁትን ቃል በቃል፣ ዝምታውን ሳይቀር ጽፈህ ቡድኑ ፊት ታቀርባለህ። «ስለ ልጇ ስታነሳ አንተ ለምን ወደ ጸሎት ዘለልክ?» ብለው ያፋጥጡሃል። መስበክ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ላብ ያጠምቀዋል። ሥልጠናውን በ1925 በማሳቹሴትስ ዎስተር የአእምሮ ሆስፒታል የጀመረው አንቶን ቦይሰን ራሱ የአእምሮ ሕክምና ተኝቶ የወጣ ቄስ ነበር፤ ከመጽሐፉ ይልቅ ከሕመምተኛው ተማሩ የሚለው አካሄድ የመጣው ከእሱ ነው።

ወለተ_አይሲዩ
ስለ ሌሊቱ ጥሪ እኔ ልመልስ። ክፍሉ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ነርሷን ጠይቅ፦ ስሙ ማነው፣ ቤተሰቡ ከሐኪሙ እስካሁን ምን ሰምቷል፣ በሕግ ወሳኙ ማነው? መካከለኛውን ጥያቄ ካልጠየቅህ ሳታውቀው መርዶ ነጋሪ ትሆናለህ። መርዶው የሐኪሙ ነው፤ አንተ አብረህ ትቀመጣለህ። መቀመጥ ስል የእውነት ወንበር ስበህ ቁጭ ማለት ማለቴ ነው፤ ቆሞ የሚያጽናና ሊሄድ የተነሳ ይመስላል። በር ላይ ሆኖ «አይዟችሁ፣ ይድናል» ማለት ደግሞ የጀማሪ ስህተት ነው፣ ከሰዓታት በኋላ ያንን ቃል የሚያነሳብህ ሰው አይጠፋም።

ልቅሶው ሲነሳ፣ ደረት ሲመታ፣ ሠራተኞቹ ደንግጠው ሴኩሪቲ ይጠራሉ። ቀድመህ ለቻርጅ ነርሷ (ለፈረቃው ኃላፊ) ንገራት፣ የቤተሰብ ክፍል ይከፈት፣ አንድ የተረጋጋ ሽማግሌ ከመካከላቸው ምረጥ።

አማርኛ ስለምትችል ሊያስተረጉሙህ ይሞክራሉ። የቀዶ ሕክምና ፈቃድም ሆነ «ልቡ ቢቆም አይቀስቀስ» የሚለውን ውሳኔ አትተርጉም። ብቁ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ ማቅረብ የሆስፒታሉ ግዴታ ነው። አለበለዚያ ነገ «ያስፈረመን እሱ ነው» ይባላል።

«ካንሰር መሆኑን ለአባባ እንዳትነግሩት» ሲሉህም ቃል አትግባ። ጥያቄውን ለሐኪሞቹ አድርስ፤ እነሱ አባባን «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለማን እንንገር?» ብለው ይጠይቃሉ። «ለልጄ ንገሩ» ካሉ መንገዱ ተገኘ። «ራሴን ላጥፋ» የሚል ከገጠመህ ግን ምሥጢር የለም፤ ብቻውን ሳትተወው ነርሷን ጥራ።

ቀሲስ_ዘምዕራብ
ዲያቆን፣ እኅታችን ያለችው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የምትጠራው ቄስ ስለሚያሳልመው መስቀል ነው። ከአልጋ አልጋ የሚሳለሙት መስቀል ተሐዋሲ ያመላልሳል። የእንጨቱን ይተወው፣ ስንጥቁ አይጸዳም፤ ለስላሳ ብረት ይያዝ፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ሲወጣ በማጽጃ ይጥረገው። በር ላይ የሲ ዲፍ (ብርቱ ተቅማጥ የሚያመጣ ተላላፊ ባክቴሪያ) ምልክት ካለ አልኮል ስፖሩን፣ ማለትም የባክቴሪያውን ጠንካራ ዘር፣ አይገድለውም፤ እጅህን በሳሙናና በውኃ ታጠብ፣ ለመስቀሉ ነርሷን የብሊች መጥረጊያ ጠይቃት።

ጠበልም ሳትጠይቅ አታጠጣ። ከቀዶ ሕክምና በፊት ምንም እንዳይቀምስ የታዘዘ አለ፣ መዋጥ አቅቶት ወደ ሳንባው የሚገባበት አለ፣ ውኃ የተመጠነለት የኩላሊት ሕመምተኛ አለ። ነርሷ ከፈቀደች ግንባሩን መቀባት ይበቃል፤ የሰውነት መከላከያው የወረደበት ሰው ላይ ግን ያም ቢሆን በሐኪም ይወሰናል። ኦክስጅን ባለበት ጧፍና ዕጣን ፈጽሞ አይታሰብም።

ማተብ ቀዶ ሕክምና ላይ ጠብ ያስነሳል፣ ቤተሰቡ ሳያውቅ በመቀስ ይቆረጣልና። ቀድመህ ድረስ፦ ብረቱ ይወጣል፣ ክሩ ብቻውን ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰር ወይም በፕላስተር ይያዝ ብለህ ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ። ንስሐም አንተ አትቀበልም፤ ሌሊት ስልክ የሚያነሱ ቀሳውስት ዝርዝር ኪስህ ውስጥ ይኑር።

ሰሚር_ኤ
ሁሉም መልካም፤ ግን አማርኛ የሚናገር ሁሉ ኦርቶዶክስ አይደለም። ቻርቱ (የሕክምና መዝገቡ) ላይ ሃይማኖቱን ሳታይ መስቀል ይዘህ አትግባ፤ ክፍት ከተተወ ራሱን ጠይቅ። ሙስሊም ከሆነ ኢማም ይፈልግ እንደሆነ ጠይቅ፣ ለጣር የደረሰ ከሆነ አልጋው ከተቻለ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ይዙር (ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው)፣ ሴትን አትጨብጥ። አስከሬኑ ቶሎ እንዲለቀቅ ከነርሷና ከቀብር አስፈጻሚው ጋር ከወዲሁ መነጋገርም ትልቅ እገዛ ነው።

ዲ/ን_ሜሪላንድ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግንዘት እዚያው ክፍል ውስጥ ይቻላል?

ወለተ_አይሲዩ
የሞት መንስኤው አደጋ፣ ግድያ ወይም ራስን ማጥፋት ከሆነ አስከሬኑ ወደ ሜዲካል ኤግዛሚነር (የሞትን መንስኤ ወደሚመረምረው የመንግሥት ሐኪም) ይሄዳል፤ ቱቦ አይነቀልም፣ አይታጠብም። ይህንን ቤተሰቡ ነጠላ ይዞ ከመምጣቱ በፊት ንገራቸው። ከዚያ ውጭ ከሆነ ፍትሐቱ እዚያው ይደረጋል፣ ትጥበቱና ግንዘቱ ግን ብዙውን ጊዜ ቀብር አስፈጻሚው ጋ ነው። ነርሷን «ስንት ሰዓት አለን?» ብለህ ጠይቅ፤ ሆስፒታሉ የሚሰጠው ጊዜ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ አልጋው ለሌላ ሰው ከተፈለገም ያጥራል።