በኖራ ድንጋይ ላይ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች፦ አንዱ 9 ሜትር ወጣ፣ ሌላው ምንም አላለም

ባለሎገር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ካርስት በሆነ (ውሃ አሟሙቶ ስንጥቅና ቦይ በሠራበት) የኖራ ድንጋይ ላይ በ40 ሜትር የሚራራቁ ሁለት የከርሰ ምድር ውሃ መከታተያ ጉድጓዶች አሉ። 30 ሚ.ሜ ዝናብ ጥሎ በቁጥር 1 የውሃው ወለል በ6 ሰዓት ውስጥ 9 ሜትር ወጣ፤ ግራፉ ጫፉ ላይ ለ4 ሰዓት ቀጥ ያለ አግድም መስመር ሠርቶ በ3 ቀን ወደ ቦታው ተመለሰ። ቁጥር 2 ከ12 ቀን በኋላ 25 ሳ.ሜ ብቻ ጨመረ። ሎገሮቹ (ውሃው ውስጥ ተንጠልጥለው በሴንሰር ግፊቱን እየለኩ ከፍታውን የሚይዙ መሣሪያዎች) በየ15 ደቂቃው ይመዘግባሉ። የተበላሸው የትኛው ነው?

ስንጥቅ፦ ሁለቱም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥር 1 ከመሬት ውስጥ ቦይ ጋር የተገናኘ ስንጥቅ አግኝቷል፤ ቁጥር 2 ጥቅጥቅ ያለው አለት ውስጥ ቀርቷል። ሂሳቡን ይዩት፦ ስንጥቁ የአለቱን 0.5 በመቶ ብቻ ከያዘ፣ ወደ ታች የዘለቀ 20 ሚ.ሜ ውሃ የውሃውን ወለል 4 ሜትር ያነሳል (0.020 ÷ 0.005)። ክፍተቱ 20 በመቶ በሆነ አሸዋ ያው ውሃ 10 ሳ.ሜ ነበር የሚሆነው። ቀሪው ከፍታ ቦዩ የሆነ ቦታ ጠቦ ጎርፉ መውጫ ሲያጣ የሚከማች ነው። ሁለቱን ንባብ አገናኝቶ የውሃ ወለል ካርታ መሳል ግን ስህተት ነው።

ጠብታ፦ እኔን ያላማረኝ ቀጥ ያለው መስመር ነው። የሴንሰሩ አቅም ስንት ሜትር ነው? ከውሃው ወለል ስንት ሜትር በታች ተንጠለጠለ?

ባለሎገር፦ አቅሙ 10 ሜትር፤ ከዝናቡ በፊት 1 ሜትር ውሃ ነበረበት። ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) የለንም።

ጠብታ፦ እንግዲህ 1 እና 9፣ 10። ሴንሰሩ ሞልቷል፤ እውነተኛው ጫፍ ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በ30 ሜትር ሴንሰር ይተኩት። አዲሱም እዚያው ከፍታ ላይ ቀጥ ካለ፣ ውሃው ወደ ላይኛው ቦይ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት በዲፕ ሜትር (ውሃ ሲነካ ምልክት በሚሰጥ መለኪያ ገመድ) በእጅ ለክቶ ማረጋገጥ ነው። የአየር መተንፈሻ ቱቦ የሌለው ሴንሰር ከሆነ ደግሞ ባሮሜትር የግድ ነው፦ 10 ሚሊባር ለውጥ ወደ 10 ሳ.ሜ ውሃ ይመስላል። የቁጥር 2 ጭማሪ ከፊሉ የአየር ግፊት ሊሆን ይችላል።

ስንጥቅ፦ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው በሟሟበት ማዕድን ልክ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፤ የዝናብ ውሃ ዝቅተኛ ነው) የሚለካ ሎገርም ይጨምሩ። ወለሉ ወጥቶ ኮንዳክቲቪቲው ካልተነካ፣ እየመጣ ያለው በግፊት የተገፋ አሮጌ ውሃ ነው። ኮንዳክቲቪቲው ዘግይቶ ሲወርድ አዲሱ የዝናብ ውሃ ደረሰ፤ የባክቴሪያ ናሙና መውሰጃው ያኔ ነው። ወለሉ ሲወጣ ኮንዳክቲቪቲው ወዲያው ከወረደና ውሃው ከደፈረሰ ግን አለቱን ከመወንጀል በፊት በኬሲንጉ (በጉድጓዱ ግድግዳ ቧንቧ) ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶ ይፈትሹ፤ የላይ ጎርፍ በዚያ ሲሰርግም ግራፉ ይኸው ነው የሚመስለው።