ለቆሮሶ ዓሣ ፕሮባዮቲክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ፦ የኩሬዋ ባለቤት (ኮምቦልቻ)
ሰላም ናችሁ? 10 በ15 ሜትር የሆነ ላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ አለኝ። ሰኔ ላይ ከሐይቅ የመጡ የቆሮሶ ጫጩቶች ጨመርኩበት። ይኸው ጥር ደረሰ፤ ትልቁ ከመዳፌ አይበልጥም። የምሰጣቸው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ዳር ዳሩን ደግሞ ጥፍር የሚያካክሉ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። አንድ መኖ ነጋዴ «ፕሮባዮቲክ የሚባል ዱቄት አለ፣ እሱን ጨምሪበትና ጉድ ታያለሽ» አለኝ። ዋጋው ግን አይቀመስም። እውነት ይሠራል? በእርጎ ብተካውስ?

ሐይቅ ዳር
እህቴ፣ መልሱ ዳር ዳሩን የሚርመሰመሱት ላይ ነው። ወንድና ሴት ተደባልቀው ገብተዋል። ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ መራባት ይጀምራል። እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትፈለፍል በዚያ ሰሞን መኖ አትቀምስም፤ እንዴት ትደግ? ልጆቹ ደግሞ መኖውን ይሻማሉ። ይሄን ምንም ዱቄት አይፈታውም። ጫጩቶቹን በጥቅጥቅ መረብ አውጫቸው። ትልልቆቹን ለይ፦ ዓሣውን በጀርባው አስተኝተሽ ከፊንጢጣው ኋላ ያለችውን ጉብታ እይ። ወንዱ እዚያ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፣ ሴቷ ሁለት። አልታይ ካለሽ ያንን ሐምራዊ የቁስል ቀለም፣ ጄንሺያን ቫዮሌት፣ ጠብ አድርጊበት፤ ቁልጭ ይላል። ወንዶቹን ብቻ አስቀሪ።

የእንስሳት ሐኪም
በዚህ ላይ ብርዱን ጨምሩበት። ቆሮሶ ደህና የሚያድገው ውኃው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ20 ሲወርድ ዕድገቱ ይቀዘቅዛል፣ 16 አካባቢ መብላቱን ይተዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሻላል እንጂ የጥር ሌሊቷ ቀላል አይደለም። ቴርሞሜትር አስገብተሽ ጠዋትና ከሰዓት ለኪ። በብርድ የተረፈ መኖ ታች ይበሰብስና ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ጎህ ሲቀድ አፋቸውን ከውኃው በላይ ካወጡ ምልክቱ እሱ ነው።

ፕሮባዮቲክ ውሸት አይደለም። ጠቃሚ ባክቴሪያ ነው፤ አንጀት ውስጥ መፈጨትን ያግዛል፣ ከጎጂዎቹ ጋር ቦታ ይሻማል። ከገዛሽ ባሲለስ የሚለውን ምረጪ። ባሲለስ እንደ ዘር ዓይነት ጠንካራ ቅርፊት ስለሚያበጅ ሙቀትና መጋዘን ይችላል፤ ላክቶባሲለስ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያ ግን በሙቀት ቶሎ ይሞታል። ማሸጊያው ላይ በግራም ስንት ሕያው ባክቴሪያ እንዳለውና የሚያበቃበት ቀን ካልተጻፈ ተይው። በግራም 1 ቢሊዮን ካለው፣ 1 ግራም ለአንድ ኪሎ መኖ ሲገባ በየግራሙ መኖ 1 ሚሊዮን ይደርሳል ማለት ነው። በጥቂት ዘይት ለውሰሽ፣ ጥላ ላይ አናፍሰሽ፣ የዕለቱን በዕለቱ ስጪ። ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ አትበጥብጪው፤ ይገድለዋል። ከአንቲባዮቲክ ጋርም አይሄድም።

ፒያሳ ደሴ
እኔ እርጎ ነው የምሰጠው፣ ምንም አላሉኝም 😄

የእንስሳት ሐኪም
አይገድላቸው ይሆናል። ግን ውስጡ የትኛው ባክቴሪያ ምን ያህል እንዳለ አይታወቅም፤ ስቡም ውኃ ያበላሻል። እርጎውን ለልጆች!

ሐይቅ ዳር
የመኖውን ገንዘብ ለፕሮቲን አውዪው። ፉርሽካና ፋጉሎ ብቻውን አይበቃም፤ ለቆሮሶ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ትንሽ የዓሣ ዱቄት ወይም የተቆላ አኩሪ አተር ቀላቅይ።

የኩሬዋ ባለቤት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፕሮባዮቲኩን ዱቄት ለጊዜው ተውኩት፣ ቅዳሜ መረብ እጥላለሁ። ወንድ ብቻ የሆነ ጫጩት ግን ከየት ይገኛል?

የእንስሳት ሐኪም
ሰበታ ወይም ባሕር ዳር ያሉትን የዓሣ ምርምር ማዕከላት ጠይቂ። ከማዘዝሽ በፊት ግን ብርዱ ይለፍ፤ መጋቢት አካባቢ ይሻላል። ያኔ ዱቄቱን መሞከር ካማረሽ ኩሬውን በመረብ ለሁለት ክፈይው። ለአንዱ ወገን ብቻ ስጪ፣ ሁለቱንም በየወሩ መዝኚ።