«ሰምቶ ይሄዳል» በተባለው ምእመን ላይ የተነሣ ክርክር

እኅት ከአራዳ፦
ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያችን ስብሰባ ላይ ከተናገሩት አባቶች አንዱ «ሕዝባችን ቃሉን ሰምቶ ይሄዳል እንጂ በቃሉ አይኖርም» ማለታቸው እጅግ አሳዝኖኛል። በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ ስለሆኑ በጉባኤው መካከል መልስ ለመስጠት አልደፈርሁም፤ እዚህ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም፣ ዳዊቱን ሳይደግም ከቤቱ የማይወጣ፣ ተራው በደረሰ ጊዜ ዳቦና ጠላ ይዞ ወደ ሰንበቴው መጥቶ ነዳያንን የሚያበላ ሕዝብ በቃሉ አይኖርም ከተባለ፣ በቃሉ የሚኖረው ማን ሊሆን ነው? እናቶቻችን ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን በቁጥር መጥቀስ ባይችሉም፣ የተራበውን ማብላትና የታመመውን መጠየቅ ሲፈጽሙት ኖረዋል።

የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፣ ፒያሳ፦
እኅቴ፣ እኔ ደግሞ አባታችን የተናገሩት እውነት ነው እላለሁ። ምኩራብ በሚባለው በዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ ጌታችን ሻጮችንና ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ተነበበልን። ቅዳሴው አልቆ ወደ ግቢው ስንወጣ ለሕንፃው ከፍተኛ ገንዘብ ለሰጡ ሰዎች ከፊት ወንበር ተደርድሮ፣ ስማቸው በድምፅ ማጉያ እየተጠራ ሲቀመጡ አየን፤ አንቺ የምታመሰግኛቸው እናቶች ግን ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ»፣ ድኻውን «በዚያ ቁም» የሚሉትን የገሠጸው ስለ እኛ ግቢ የጻፈ እስኪመስል ድረስ ነው። ይህን መልእክት ሰምተን ያንን ካደረግን፣ ሰምቶ መሄድ ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ዲያቆን፣ አራት ኪሎ፦
የወንበሩን ጉዳይ ለብቻው እንነጋገርበት፤ «ሰምቶ ይሄዳል» የሚለው አነጋገር ግን መስማትን እንደ ትንሽ ነገር ስለሚቆጥር ልቀበለው አልችልም። በእያንዳንዱ ቅዳሴ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታትና ከግብረ ሐዋርያት ይነበባል፤ ምስባኩ ከዳዊት መዝሙር ይሰበካል፤ በመጨረሻም ካህኑ ወንጌሉን ያነባል። የሚነበበው ክፍል የየዕለቱን ምንባብ በሚወስነው መጽሐፍ፣ በግጻዌ፣ የተወሰነ ስለሆነ ማንም የወደደውን መርጦ የሚከብደውን ሊያልፈው አይችልም። ወንድማችን የጠቀሰው የምኩራብ ወንጌል ባለ ገንዘቦቹ ፊት የተነበበው ሥርዓቱ ስላስገደደ ነው፤ ምርጫው የእኛ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ሌላ ምዕራፍ ይነበብ ነበር ብዬ እሰጋለሁ። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች መልእክቱ ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበብ በጌታ አምሏቸዋል፤ ለቈላስይስ የጻፈው ደግሞ በሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያንም እንዲነበብ አዝዟል። አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች መጽሐፍ በእጃቸው አልነበረም፤ ቃሉን በጆሯቸው ተቀበሉ፤ ከእነርሱም መካከል ስለ ቃሉ ሰማዕት የሆኑ አሉ። በነህምያ ምዕራፍ 8 ዕዝራ ሕጉን ከንጋት እስከ ቀትር ሲያነብ ሕዝቡ ቆሞ ሰምቶ አለቀሰ። መስማት እንዲህ ያለ ኃይል አለው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፣ ፒያሳ፦
ዲያቆን፣ ነህምያን ስለጠቀሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ምዕራፉን ከመካከል አቋርጠውታል። ሕዝቡ አልቅሶ አልተበተነም፤ ምንም ላልተዘጋጀለት ሰው እድል ፈንታውን እንዲልክ ታዝዞ ላከ። በማግሥቱም የአባቶች ቤቶች አለቆች ተሰብስበው ሕጉን ሲመረምሩ ስለ ዳስ በዓል የተጻፈውን አገኙ፤ ሕዝቡም ወደ ተራራ ወጥቶ የወይራና የዘንባባ ቅርንጫፍ አምጥቶ በየሰገነቱና በየአደባባዩ ዳስ ሠራ። ከኢያሱ ዘመን ጀምሮ እንደዚያ ተደርጎ አያውቅም ነበር። እንግዲህ ያ ጉባኤ በአንድ ንባብ ምክንያት የከተማውን አደባባይ ሲለውጥ፣ የእኛ ጉባኤ የወንበሩን አቀማመጥ እንኳ መለወጥ ያልቻለበትን ምክንያት ይንገሩኝ። ዐቢይ ጾም ሙሉውን ሲነበብልን ይከርማል፤ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ እያልን የእሑዶቹን ስም በቃላችን እናውቃለን። እኔ የምጠይቀው ስለ መክሊቱ ለጌታው ሒሳብ ያቀረበው የታማኙ አገልጋይ ወንጌል፣ ገብር ኄር፣ ከተነበበ በኋላ የአጥቢያው ሒሳብ ለምእመናን በዝርዝር ተነግሮ ያውቃል ወይ የሚለውን ነው።

ጎረቤት ከአምስት ኪሎ፦
እኔ የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነኝ፤ በቤታችሁ ጉዳይ መግባቴን እንዳትቀየሙኝ እለምናለሁ። በእኛ ዘንድ ምእመናን በሳምንቱ መካከል በየቤቱ በጥቂት በጥቂት እየተሰበሰቡ አንድ ክፍል ያነብባሉ፤ ያነበቡትንም በሥራቸውና በትዳራቸው ላይ እንዴት እንደሚፈጽሙት እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ሰው የሚጠይቀው ወንድም ከሌለው የሰማውን በቀላሉ ይረሳል። ምናልባት አባታችሁ ያሉት ይህን ይሆናል።

እኅት ከአራዳ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጡ። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ጠያቂ የለም ማለትዎ ልክ አይደለም፤ የንስሐ አባት ያለው ምእመን የሚጠይቀው አለው። ቤተ ክርስቲያናችንም የመጽሐፍ ባዕድ አይደለችም፤ ልጅ ከፊደል አልፎ የሚያነበው መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌሉንና ዳዊትን ነበር፤ በ1840 እ.ኤ.አ. ለታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መሠረት የሆነውን ትርጉም የሠራውም አቡ ሩሚ የተባለ የዚህ አገር መነኩሴ ነው። ደግሞም በየቤቱ ማጥናት ብቻውን ከጥል አያድንም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት መክሰሱን ነቅፎ ሳለ፣ በየፍርድ ቤቱ በሕንፃና በአመራር የሚካሰሱት መጽሐፉን አጥብቀው የሚያጠኑ ሰዎች ጭምር አይደሉምን?

ጎረቤት ከአምስት ኪሎ፦
እውነት ነው፤ እነርሱም አሉ። ይህ ግን የእኔን ነጥብ አያፈርሰውም።

በአጥቢያው ሒሳብ ክፍል የሚያገለግል፦
ሁላችሁም ወንበሩን ያዛችሁት። ጣሪያው በክረምት እያፈሰሰ ቅዳሴ የሚቀደስበትን ቤተ ክርስቲያን የሚያሠራው ገንዘብ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 35 ሙሴ ለድንኳኑ ሥራ ልቡ የፈቀደ ሁሉ ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲያመጣ አዝዞ የለምን? የሰጠን ሰው ማክበር የምስጋና ምልክት ነው፤ ከፊት ከተቀመጡት መካከልም መቆም የማይችሉ አረጋውያን ነበሩ። መጽሐፍ እየጠቀሱ አገልጋይን መክሰስ ቀላል ነው፤ የጣሪያውን ዕዳ ይዞ ማደር ግን ቀላል አይደለም።

የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፣ ፒያሳ፦
ድካምዎን እናውቃለን፤ የሚያመሽበትን አገልጋይ ለማሳዘን አልተነሣሁም። ሆኖም የሚቀጥለውን ምዕራፍ ያንብቡት። በምዕራፍ 36 ሕዝቡ ከሚበቃው በላይ ስላመጣ ሙሴ በሰፈሩ ውስጥ «ከእንግዲህ አታምጡ» የሚል አዋጅ አስነገረ፤ የሰጪዎች ስም ዝርዝር ግን በዚያ አልተነበበም። በማርቆስ ምዕራፍ 12 ጌታችን በመዝገብ ፊት ተቀምጦ ሲመለከት ብዙ ባለ ጠጎች ብዙ ጣሉ፤ እርሱ ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ የነገራቸው ግን ሁለት ሳንቲም ስለጣለችው መበለት ነበር። መቆም ለማይችሉት ወንበር ይሰጥ ከተባለ ሁላችንም እንስማማለን፤ መስፈርቱ ግን ጉልበት ይሁን እንጂ ገንዘብ አይሁን።

ከፒያሳ የተነሣን ምእመን፦
ክርክራችሁን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ። እኔ በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲፈርስ ተነሥተን ዛሬ በከተማው ዳርቻ ከምንኖረው አንዱ ነኝ። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ የሰንበቴው አባል ነበረች፤ አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር ስላለባትና እግሯም ስለደከመ መምጣት አልቻለችም። በአቅራቢያችን ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሆኖም የምታውቃት ሰው የለም፤ የንስሐ አባቷም እዚያው መሐል ከተማ ናቸው። ከእርሷ ጋር ከተነሡት መበለቶች መካከል ከተነሡ ወዲህ ከአጥቢያው ማንም ያልጠየቃቸው አሉ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የሚናገረው ስለ እንዲህ ያሉ ሴቶች ነው። በዕለቱ አገልግሎት መበለቶቻቸው ችላ ስለተባሉባቸው የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ አንጐራጐሩ፤ ሐዋርያትም ማንጐራጐሩን እንደ ድፍረት አልቆጠሩትም፤ ጉባኤውን ጠርተው ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አደረጉ። እኛም ልናንጐራጕር መብት እንዳለን የተማርነው ከዚያው ከሚነበብልን መጽሐፍ ነው። እናቴን «ሰምታ ትሄዳለች» የሚላት ካለ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቃሉን ይዛ ወደ እርሷ ትሂድላት።

ዲያቆን፣ አራት ኪሎ፦
ይህ ልቤን ነክቶታል። እኔ የተሾምሁበት የዲቁና ማዕረግ የተጀመረው በዚያ ምዕራፍ ሆኖ ሳለ፣ አገልግሎታችን በመቅደስ ውስጥ ብቻ ሊቀር አይገባውም። የተነሡት ሰዎች ዝርዝር በሰንበቴው መዝገብ ይገኛል፤ ዲያቆናትና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች በየአቅጣጫው ተከፋፍለን ብንሄድ እንደርስባቸዋለን።

በአጥቢያው ሒሳብ ክፍል የሚያገለግል፦
ሐሳቡ መልካም ነው። የመጓጓዣው ወጪ ግን በሰበካ ጉባኤው ሳይወሰን ከሕንፃው ገንዘብ አንድ ብር ማውጣት አይቻልም፤ ለሕንፃ ብሎ የሰጠን ሰው ገንዘብ ለሌላ ሥራ ማዋልም ታማኝነትን ያጎድላል።

የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፣ ፒያሳ፦
ለጣሪያ እንጂ ለመበለት ገንዘብ ለምኖ የማያውቅ አጥቢያ የትኛውን ምዕራፍ እንደሚከተል ጉባኤው ይመልስልን። ሁለት ነገር የሚጠይቅ ደብዳቤ እየጻፍሁ ነው፤ አንደኛው ከፊት ያሉት ወንበሮች ለደካሞች እንዲሆኑ፣ ሁለተኛው ለተነሡት ምእመናን የተለየ መዋጮ እንዲጀመር የሚል ነው። የሚፈርም ስሙን ይላክልኝ።

ከፒያሳ የተነሣን ምእመን፦
የእኔንና የእናቴን ስም አስገባ።

እኅት ከአራዳ፦
በሁለቱም ጥያቄዎች እስማማለሁ። ነገር ግን በደብዳቤው መግቢያ ላይ «ሕዝባችን ሰምቶ ይሄዳል» የሚለውን የአባታችንን ንግግር እንደ መነሻ ልትጠቅሰው እንዳሰብህ ሰምቻለሁ። ያ ዐረፍተ ነገር ካልወጣ አልፈርምም፤ ሌሎች እኅቶችም እንዳይፈርሙ እነግራቸዋለሁ።

የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፣ ፒያሳ፦
እኅቴ፣ ደብዳቤው የተጻፈው በዚያ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ስለሆነ ላወጣው አልችልም።

እኅት ከአራዳ፦
እንግዲያውስ የራሴን ደብዳቤ እጽፋለሁ።