የዳቦ ማሽን ያላችሁ፣ እስቲ ድረሱልኝ

እህቴ ከአሜሪካ የዳቦ ማሽን አምጥታልኝ ነበር። 110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛሁለት፣ አሁን ይሠራል። ችግሬ ሌላ ነው። የምፈልገው ቅቤ ቅቤ የሚል፣ ጥጥ የመሰለ ትንንሽ ክብ ዳቦ ነው፤ ከእራት ጋር የሚቀርበውን ዓይነት።

መጠኑ ይኸው፦ 500 ግራም ፍርኖ ዱቄት፣ 240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 50 ግራም ስኳር፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ። ማሽኑ ሊጡን ብቻ ነው የሚያቦካልኝ፤ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይፈጅበታል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ገና 50 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሊጡ ክዳኑ ጋ ይደርሳል። ሲያልቅ ከፍቼ ሳየው መሀሉ ሟሽሾ ጎድጉዷል፣ እርሾ እርሾ ይሸታል። እንደምንም 16 ቦታ አድቦልቡዬ፣ 40 ደቂቃ አቆይቼ፣ በ190 ዲግሪ ለ18 ደቂቃ እጋግረዋለሁ። ትኩሱን ይበላል። በማግስቱ ግን ልጄ «እማዬ፣ ይሄ ድንጋይ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ግፊቱ አንሶ ሊጥ ቶሎ ኩፍ እንደሚል አውቃለሁ። ታዲያ እርሾውን ወደ 5 ግራም ላውርደው? ወይስ ፕሮግራሙ ሳያልቅ ላውጣው? ወተትስ ልጨምር? አየራችን ደረቅ ነው። ቅቤውን ደግሞ ከመጀመሪያው ነው ወይስ ሊጡ ከተያያዘ በኋላ የምትጨምሩት?

ንጥር ቅቤ እንዳትሉኝ ብቻ። አንዴ ሞክሬው ዳቦው ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተኝ።